የብርጭቆ አጣቢው ምስክርነት

ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ባጃጅ ወረፋ በሚይዝበት፣
ነፋሱ የአዳማን አፈር ከነፌስታሉ በሚያነሣበት፣
የነስሩና የሸምሲያ ጁስ ቤት አለበት።
እኔ ከመጋረጃው ኋላ፣ ከቧንቧው አጠገብ ነው ወንበሬ፤
ስማቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች በከንፈራቸው አሻራ
ለይቻለሁ እስከ ዛሬ።

ባልና ሚስት ናቸው። በሌላው ሁሉ ይስማማሉ፤
በኪራዩ፣ በልጆቹ ስም፣ በዕቁቡ፤
በስፕሪስ ብቻ ይጣላሉ።

ነስሩ ይላል፦ «አቮካዶ ይቅደም፤ ከባድ ነው፣ ይቀመጥ ከታች፤
ያለ መሠረት የቆመ ቤት የት አያችሁ፣ እናንተ ሰዎች?
በላዩ ማንጎው ይንጣለል፣ ከማንጎው በላይ ፓፓያ፣
ጫፉ ላይ ቪምቶ ጠብ ይበል፤ ይኼ ነው የሥራ ሙያ።»

ሸምሲያ ትላለች፦ «ኧረ ወዲያ!
የክት ቀሚሷን ከሣጥን ሥር ቀብራ ሠርግ የምትሄድ አለች እንዴ?
ሰው በዓይኑ ነው የሚጠጣው፤ ሆድማ መች አይቶ ያውቃል አንዴ!
ፓፓያው ከታች ይነጠፍ፣ እንደ ሰሌን፣ እንደ ጉዝጓዝ፣
አቮካዶ ከላይ ይንገሥ፣ ማንኪያው ሲወርድ እንዲይዝ።»

ነገሩ ሲከር ሁለተኛ መፍጫ ተገዛ፤
ባንኮኒው በፕላስተር መስመር ለሁለት ተከፈለ።
ደንበኛውም እንደዚያው።
ጋሽ ደበላ፣ የሸንኮራ መኪና ሹፌሩ፣ ከወንጂ የሚመጣው፣
«ከታች አቮካዶ ካልሆነ ሒሳቡንም አልከፍል፣ ጁሱንም አልጠጣው!»
የባንክ ቤቷ ትርሲት ደግሞ፣ ገና ጫማዋ ደፉን ሲዳስስ፣
«የሸምሲያን ነው የምፈልግ» ትላለች፣ ለነስሩ ጆሮ እንዲደርስ።
አንድ የፊዚክስ መምህር በሶፍት ላይ ቀመር ጻፈ፤
እሱ ሲደምር ሲቀንስ፣ በብርጭቆው ውስጥ
ሦስቱ ቀለም እርስ በርሱ ተላለፈ።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ፣
ቤቱ በሰው ጢም ብሎ፣ ገና ሁለተኛው ቀለም ሳይመጣ፣
መብራት ሄደ።
ሁለቱም መፍጫ አቃስቶ ዝም አለ።
ባንኮኒው ላይ ሰባት ብርጭቆ በጅምር ቀረ፤
አራቱ አረንጓዴ ብቻ፣ ሦስቱ ቀይ ብቻ፤
ቤት የሌለው መሠረት፣ እንግዳ የሌለው ጉዝጓዝ።
ጋሽ ደበላ እንኳ ዝም አለ፤ ከሱ ነበር የፈራነው መዘዝ።

ነስሩ ውሃ ጠምቶት ይሁን፣ ሙቀቱ አናቱን ነክቶት፣
ከቀዮቹ አንዱን አነሣና ጨለጠው፣ የማን እንደሆነ ረስቶት።
ከዚያ ቆመ። ከንፈሩን ላሰ።
«ሎሚ ትጨምሪበታለሽ?»
«ሁልጊዜ።»
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ቤቱ ከተከፈተ። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው።»
ሌላ አልተባለም። ሸምሲያ ፊቷን ወደ ደጅ መለሰች፤
ነፋስ በሌለበት «አቧራ ገባኝ» ብላ
በሻሿ ጫፍ ዓይኗን አበሰች።

ማታ መብራት ሲመለስ፣ ነስሩ እንደ ልማዱ አቮካዶውን አስቀደመ፤
ትርሲትም ከበር ጮኸች፤ ያ የታወቀው ክርክር
ከወደቀበት አገገመ።

እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቁኝ ግን እላለሁ፦
አቮካዶ ከታች ሲያድር ሲሚንቶ ነው፤ በጥፍሬ እፍቃለሁ።
ፓፓያ ግን አንድ እፍኝ ውሃ ካየ ይለቃል፤
ስለዚህ ልቤ ከሸምሲያ ነው፤
ደሞዜን ግን ነስሩ ያውቃል።

ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ሁሉ ሄዶ በሩ ሲዘጋ፣
ከክምሩ አንዱን ብርጭቆ ወደ አምፖሉ ሳስጠጋ፣
ከአረንጓዴው ሥር፣ ከነስሩ መሠረት ውስጥ፣
አንዲት የሎሚ ፍሬ አገኛለሁ፣ ነጭ፣ ሳትፈጭ፣ ሳትቀልጥ።
በአውራ ጣቴ አላቅቄ ወደ ፍሳሹ እሰዳታለሁ።
ሸምሲያ ከወዲያ «ጨረስክ?» ስትለኝ፣
«ጨርሻለሁ» እላለሁ።